ከየት ነው ያገኘኸው?

ስለ ቅሪተ አካል ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ እናንተም አልሰሰታችሁም። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ፣ ረጃጅሞቹን አሳጥሬ ይኸው። የኖኅ መርከብ የት እንዳለች የጠየቀኝ ልጅ ይቅር ይበለኝ፣ እሱ ከእኔ አቅም በላይ ነው።

አጥንት እንዴት ድንጋይ ይሆናል? ይበሰብስ የለም እንዴ? (ከፒያሳ)

ይበሰብሳል እንጂ! አብዛኛው አጥንት ድንጋይ ሳይሆን ነው የሚጠፋው። የፋሲካውን በግ አስቡት። አጥንቱ ደጅ ከተጣለ ማታውኑ ውሻ ይወስደዋል፣ ውሻ የተወውን ጅብ ይቆረጥመዋል (አዎ፣ አዲስ አበባም ጅብ አለ)፣ ከሁለቱ የተረፈውን ፀሐይና ዝናብ ይጨርሱታል። ጥቂት ዓመት ቆይታችሁ ብትፈልጉት የለም።

ቅሪተ አካል የሚሆነው ከዚህ ሁሉ ያመለጠው ነው። የሚያመልጠው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቶሎ ስለተቀበረ ነው። ወንዝ ሞልቶ ደለል ይጭንበታል፣ የሐይቅ ዳር ጭቃ ይውጠዋል፣ ወይም የእሳተ ገሞራ አመድ ይወርድበታል። አየር ሲያጣ መበስበሱም ይዘገያል።

ከዚያ በኋላ ሥራው የውሃ ነው። ከመሬት በታች የሚሄድ ውሃ ማዕድን አሟሙቶ ይዞ ነው የሚሄደው። የጉድጓድ ውሃ የምታፈሉበት ማንቆርቆሪያ ካለ ውስጡን እዩት፣ ታጥቦ አልለቅ የሚለው ነጭ ቅርፊት ከውሃው የወጣ ማዕድን ነው። አጥንት ደግሞ ከላይ ድፍን ይምሰል እንጂ ውስጡ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። ውሃው በነዚያ ቀዳዳዎች ሲመላለስ ትንሽ ትንሽ ማዕድን እየጣለ ይሄዳል፣ አንዳንዴም የአጥንቱን የራሱን ነገር እያሟሟ በቦታው ሌላ ይተካል። ይህ ሺህ ዓመታት ሊወስድ ይችላል። ተማሪ እያለሁ አንድ እንዲህ ያለ ቁራጭ መዳፌ ላይ አስቀምጠውልኝ ነበር። ዓይኔ አጥንት ነው ሲለኝ እጄ ግን ጠጠር ነው የያዝኩት አለኝ፤ ቀዝቃዛና ከባድ።

ሙዚየም ያለችው ሉሲ የውሸት ናት ይባላል። እውነት ነው? (ከአራት ኪሎ)

ቅጂ ናት፤ የውሸት ግን አትበሏት። ከአራት ኪሎ ወደ አምስት ኪሎ ስትወጡ ብሔራዊ ሙዚየም ገብታችሁ ምድር ቤት የምታገኟት ድንቅነሽ ከዋናው አጽም ተቀርጻ የተሠራች ናት። ዋናው በካዝና ይጠበቃል። በየቀኑ መብራት ስር ተቀምጦ፣ ሲነካካና ሲንቀሳቀስ የሚኖር አጥንት ዕድሜው ያጥራል፣ ይህችን የመሰለችውን ደግሞ ድጋሚ ማግኘት የለም።

የተገኘችው ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፣ አፋር ሐዳር ላይ። ቀኑን አንድ ጊዜ ድገሙት እስቲ። ስድሳዎቹ ባለሥልጣናት በተገደሉ በማግስቱ ማለት ነው። አዲስ አበባ ሬዲዮ ላይ ተጣብቃ ደንግጣ በነበረችበት ሰሞን፣ ተመራማሪዎቹ ዶናልድ ጆሃንሰንና ቶም ግሬይ አፋር ውስጥ ከቁልቁለቱ ላይ የክንድ አጥንት ቁራጭ አዩ። ማታ ካምፑ ውስጥ በቴፕ ከሚጫወት የቢትልስ ዘፈን ሉሲ የሚለው ስም ወጣላት። እኔ ድንቅነሽን እመርጣለሁ።

ከአጽሟ ወደ 40 በመቶ የሚሆነው ተገኝቷል፤ ለ3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ይህ ብዙ ነው። ዳሌዋና ጉልበቷ ቀጥ ብላ በሁለት እግሯ ትሄድ እንደነበር ይመሰክራሉ። የዘመዶቿ አንጎል ግን የእኛን ሲሶ ገደማ ቢሆን ነው። ስለዚህ ሰው መጀመሪያ ብልህ ሆነ፣ ከዚያ ቆመ የሚለው የድሮ ግምት ተገልብጦ ቀረ። መቆሙ ቀደመ።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚገርሙኝ ግን ጎረቤቶቿ ናቸው። እዚያው አካባቢ የአዞና የኤሊ እንቁላል፣ የሸርጣን ጥፍርም ተገኝቷል። ዛሬ ሐዳር ጠራራ በረሃ ነው። ሸርጣን ካለ ግን ውሃ ነበረ፣ ሐይቅና ወንዝ፣ ዳር ዳሩንም ዛፍ። ይህን የነገረን የእሷ አጥንት ሳይሆን አብሯት የተቀበረው ነገር ነው። ይህችን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

3.2 ሚሊዮን ዓመት ብለው የቆጠሩት በካርቦን ነው? (የ11ኛ ክፍል ተማሪ)

አይደለም፣ በካርቦን አይሆንም። ካርቦን 14 በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 50,000 ዓመት ገደማ ካለፈ የሚለካ ነገር አይተርፈውም ማለት ይቻላል። የድንቅነሽን ዕድሜ የነገረን ራሷ ሳትሆን አመዱ ነው።

እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ አመዱ ውስጥ ፖታሲየም ያለባቸው ጥቃቅን ክሪስታሎች አሉ። የፖታሲየም አንዱ ዓይነት በጣም በዝግታ አርጎን ወደሚባል ጋዝ ይለወጣል። ክሪስታሉ ቅልጥ ባለ ሙቀት ውስጥ እያለ አርጎኑ ያመልጣል፣ ሲቀዘቅዝ ግን ውስጡ ይታሰራል፤ ሰዓቱ ከዜሮ ጀመረ ማለት ነው። ዛሬ ላቦራቶሪ ውስጥ የታሰረውን አርጎን ይለኩና ፍንዳታው መቼ እንደነበር ያውቃሉ።

የቀረው እናትህ ያስተማረችህ ነው። ሞሰብ ውስጥ ከተደረደረ እንጀራ መጀመሪያ የተጋገረው የታችኛው ነው። አጥንቱ ከአመድ ንብርብር በላይ ከተገኘ ከአመዱ ያንሳል፣ ከበታች ከተገኘ ይበልጣል፣ በሁለት አመድ መካከል ከሆነማ ዕድሜው ተያዘ። እርግጥ መሬት አንዳንዴ ይሰነጠቃል፣ ይንሸራተታል፣ ሞሰቡም ይገለበጣል፤ ለዚህ ነው የድንጋይ ባለሙያዎች ቦታው ላይ ወራት የሚከርሙት።

አመዱን በደንብ ማንበብ ምን ያህል እንደሚለውጥ የሚያሳየው ደቡብ ያለው ኦሞ ኪቢሽ ነው። እዚያ የተገኘው የእኛው ዝርያ ሰው የራስ ቅል 195,000 ዓመት ገደማ ነው ሲባል ቆየ። በ2014 ዓ.ም. ከበላዩ ያለው አመድ ከሻላ እሳተ ገሞራ ፍንዳታ ጋር ሲዛመድ ዕድሜው ቢያንስ 230,000 ሆነ። አጥንቱ ያው ነው፣ አንዲት ቅንጣት አልተጨመረበትም።

አባይ በረሃ ላይ የባሕር ቀንድ አውጣ አለ ሲሉ ሰማሁ። ተረት ነው አይደል? (ከለገሃር)

እውነት ነው ወንድሜ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ድልድዩ በምትወርድበት መንገድ መኪናው ሲቆም (ይቆማል፣ ፍሬን ይግላል) የተቆረጠውን ገደል እየው። ከላይ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ። ወደ ታች ስትወርድ ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ ትደርሳለህ። እሱ የባሕር ወለል ነበር፣ በዳይኖሰር ዘመን። ባሕሩ አገሩን ሸፍኖ ሳለ ዛጎሎች ሞተው ወለሉ ላይ ተደራረቡ፣ ደለሉ ድንጋይ ሆነ፣ በኋላ መሬቱ ተነሣ። ትግራይ ውስጥ መቀሌ ዙሪያ ያለው የኖራ ድንጋይም የዚያው ባሕር ነው።

እኛ አገር ዳይኖሰር ነበር?

ነበር። ጀማ ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ጥርሶች ተገኝተዋል። ሙሉ አጽም ብላችሁ ግን ፎቶ አትጠብቁ።

ቸርችል ጎዳና ካለ የስጦታ ዕቃ ሱቅ ለልጄ የተጠቀለለ ቀንድ አውጣ የሚመስል ድንጋይ ገዛሁ። ዋጋ አለው? ለሳይንስ ይጠቅማል? (አንዲት እናት)

እመቤት፣ መጀመሪያ ሻጩን አንድ ነገር ይጠይቁልኝ፦ ከየት ነው ያገኘኸው? "ከሩቅ አገር" ወይም "ሰው አመጣልኝ" ካለዎት ነገሩ አለቀ። ያ ድንጋይ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፣ ያምራልም። ግን ከየትኛው ንብርብር እንደወጣ፣ ከአጠገቡ ምን እንደነበረ፣ ከላዩ የትኛው አመድ እንዳለ የሚያውቅ የለም። ድንቅነሽን አንድ ሰው ኪሱ ከቶ ፒያሳ አምጥቶ ቢሸጣት ኖሮ አሮጌ አጥንት ነበረች፣ ሸርጣኑም አመዱም ሐዳር በቀሩ። ሌላም አለ፤ የአገራችን ሕግ እንዲህ ያለ ነገር ያገኘ ሰው ለቅርስ ባለሥልጣን እንዲያሳውቅ ያዛል፣ ገበያ እንዲያወጣው አይደለም። ልጁ ግን ይጫወትበት፣ ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

ሰፈራችን ለሕንፃ መሠረት በጥልቁ እየተቆፈረ ነው። ቅሪተ አካል ቢወጣስ? (ከፒያሳ፣ ሌላ ሰው)

ብዙ ተስፋ አታድርግ። አዲስ አበባ የተቀመጠችው እሳተ ገሞራ የተፋው ድንጋይ ላይ ነው፣ እንጦጦም ያው። የቀለጠ ድንጋይ የወረደበት አጥንት አይተርፍም፤ የምትፈልገው ረጋ ያለ ደለል ነው፣ ሐይቅ ዳር ወይም ወንዝ ዳር። አንዳች እንግዳ ነገር ካየህ ግን ሳታነሣው ፎቶ አንሣው፣ ቦታውን ያዝ፣ ለባለሥልጣኑ ደውል።

ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግህም። በቡታጅራ መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ስትነዳ አዋሽ ዳር መልካ ቁንጥሬን ታገኛለህ፤ በ2016 ዓ.ም. ባልጩት ከሚባለው ቦታ ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ወደ 2 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ የድንጋይ መሣሪያ ያለበት ቦታ ነው። ከመሣሪያው በላይ እኔን የያዘኝ ግን ዱካው ነው። ከ700,000 ዓመት በፊት በረጠበ መሬት ላይ የታተመ የእግር ዱካ ተገኝቷል፣ የጉማሬም የሰውም፣ ከሰዎቹ መካከል ገና መራመድ የጀመሩ ሕፃናት አሉበት። እናቶቻቸው ምን እየሠሩ እንደነበር የሚናገሩት እዚያው የተበተኑት የድንጋይ መሣሪያዎችና የታረደ ጉማሬ አጥንት ናቸው።