የጓሮና የማሳ ጥያቄዎች፦ በልጉ ሲገባ

ከማና፦ ጤና ይስጥልኝ። ቡናዬ አርጅቶ ፍሬ የሚይዘው ጫፉ ላይ ብቻ ነው። በጥር ልጎነድለው አስቤ ሳልደርስበት ቀረሁ፤ አሁን መጋቢት ላይ ዝናብ አግኝቶ አብቧል። ብቆርጠው ምን ይሆናል? ሁለት ዛፎች ደግሞ ቅጠላቸው ቢጫ እየሆነ ነው።

መልስ፦ ካበበ በኋላስ ይተዉት። የሚቆርጡት የዘንድሮን ምርት ነው፤ በዚያ ላይ ቁስሉ ሳይደርቅ ዝናብ ሲደጋግመው ጉቶው ይበሰብሳል። ጉንደላ፣ ማለትም ያረጀውን ግንድ ቆርጦ አዲስ ቡቃያ እንዲያወጣ ማድረግ፣ ለቀማው እንዳለቀ፣ በታኅሣሥና በጥር ደረቅ ወቅት የሚሠራ ሥራ ነው። እስከዚያ የሚጎነደሉትን ዛፎች ጨርቅ አስረው ምልክት ያድርጉባቸው። ሁሉንም በአንድ ዓመት መጎንደል ግን ቤትን ያለ ገቢ ማስቀረት ነው። አዲሱ ቡቃያ ደህና ፍሬ እስኪይዝ ሁለት ሦስት ዓመት ይፈልጋልና ማሳውን በሦስት ወይም በአራት ከፍለው በየዓመቱ አንዱን ይያዙ።

ጊዜው ሲደርስ ከመሬት ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ውሃ እንዳይቋጥር ሰያፍ አድርገው፣ በስለታም መጋዝ ይቁረጡ። ገጀራ ይፈጥናል፤ ነገር ግን ግንዱን ይሰነጥቀዋል፣ መበስበሱም ከስንጥቁ ይጀምራል። ዝናቡ ሲገባ ጉቶው ብዙ ቡቃያ ያወጣል። ብዙ ሰው የሚሳሳው እዚህ ላይ ነው፤ ሁሉም ከቀረ ሁሉም ቀጫጫ ይሆናል። በተለያየ አቅጣጫ የወጡ 2 ወይም 3 ጠንካሮችን ያስቀሩና ሌላውን በእጅ ይገንጥሉ። ልክ ከቁርጡ ጠርዝ ላይ የበቀለውን አይምረጡ፤ አድጎ ፍሬ ሲከብደው ይገነጠላል።

የቢጫዎቹ ዛፎች ነገር ግን ከጉንደላው ይቀድማል። ከግንዱ ሥር፣ አፈሩ አጠገብ፣ ቅርፊቱን በቢላ ፋቅ ያድርጉት። ከቅርፊቱ ሥር ሰማያዊ የመሰለ ጥቁር መስመር ካዩ የቡና አድርቅ የተባለው የፈንገስ በሽታ ነው፤ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ዛፉን ከነሥሩ ነቅለው እዚያው በቆመበት ያቃጥሉት። በማሳው መሃል እየጎተቱ ማውጣት በሽታውን መዝራት ነው። ፈንገሱ የሚገባው በቁስል ስለሆነ ከግንዱ አጠገብ ያለውን አረም በእጅ እንጂ በዶማ አይንቀሉ። መጋዙንም ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲሻገሩ በእሳት ለብለብ ያድርጉት ወይም በአልኮል ይጥረጉት።

ከሰቃ ጨቆርሳ፦ በፕላስቲክ የዘራነው ቡና ወር አልፎት አልበቀለም። አምና የበቀለው ደግሞ አንገቱ ጠቁሮ ወደቀ። ምን እናድርግ?

መልስ፦ የቡና ዘር ብቅ ለማለት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሊወስድ ይችላል፤ እየቆፈራችሁ አትዩት። ከዚያ ካለፈ ዘሩን ጠርጥሩ፦ ለብዙ ወራት የተቀመጠ ወይም ጠራራ ፀሐይ ላይ የደረቀ ዘር የመብቀል ኃይሉን ያጣል። ከ1 ሳንቲ ሜትር ብዙ ዝቅ ብሎ የተቀበረም ይዘገያል።

የአንገት መጥቆር ከውሃ መብዛትና ከጥላ መወፈር የሚመጣ ነው። ከፕላስቲኩ ግርጌ ውሃ ማስወጫ ቀዳዳ መኖሩን እዩ። አፈሩም 3 እጅ የላይ አፈር፣ 1 እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስትና 1 እጅ አሸዋ ይሁን፤ ያለ አሸዋ የተሞላ ቀይ አፈር ውሃ ይቋጥራል። ዘሩ ብቅ ሲል አፈሩን ያለበሳችሁትን ጉዝጓዝ አንሱ፤ ችግኙ ሲጠነክር ለጥላ የሠራችሁትን የዳስ ክዳን በየጊዜው አሳሱ። በሰኔ የምትተክሉት የደረሰ ችግኝ ካላችሁ ጉድጓዱን አሁኑኑ በ60 ሳንቲ ሜትር ወርድ፣ ርዝመትና ጥልቀት ቆፍሩ። የላዩንና የታቹን አፈር ለየብቻ አስቀምጡ፤ ከተከላው ወር ቀደም ብላችሁ በላዩ አፈርና በኮምፖስት ሙሉት።

ከዴዶ፦ ማታ ደህና የነበረ የጎመን ችግኝ ጠዋት ከሥሩ ተቆርጦ ይገኛል። ዶሮ ነው እንዳልል ዶሮዎቹ ታስረዋል።

መልስ፦ ዶሮዎቹ ንጹሕ ናቸው፤ ቆራጭ ትል ነው። የተቆረጠው ችግኝ ዙሪያ አፈሩን ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ጫር ጫር ያድርጉት፤ ግራጫ መልክ ያለው፣ ሲነኩት የሚጠቀለል ወፍራም ትል ያገኛሉ። በየጠዋቱ ለቅሞ መግደል ለጓሮ ይበቃል። ትሉ አረም ላይ ስለሚቆይ መደቡን ከተከላው 2 ወይም 3 ሳምንት ቀድመው አርመውና ገልብጠው ባዶውን ይተዉት፤ ያኔ ዶሮዎቹን ፈትተው ይልቀቁበት። አመድ መነስነስም ይረዳል፤ ዝናብ ሲያጥበው ግን መድገም ነው።

ከአጋሮ፦ አፈራችን አሲዳማ ነው ተብሎ ኖራ ገዛሁ። ቡናው ሥር ልበትነው?

መልስ፦ ቡናው ሥር አይበትኑ፤ ቡና መጠነኛ አሲዳማ አፈር ይስማማዋል። ኖራው ለበቆሎና ለባቄላ ማሳ ይሁን፤ ከመዝራትዎ ወር ያህል ቀድሞ ይበተንና ከአፈሩ ጋር ይታረስ። መጠኑን የሚወስነው የአፈር ምርመራ ስለሆነ ከማሳው ከተለያየ ቦታ አፈር አንሥተው፣ ቀላቅለው፣ በወረዳዎ ግብርና ጽሕፈት ቤት በኩል ያስመርምሩ። ከዩሪያ ጋር በአንድ ቀን አይበትኑት፤ ናይትሮጅኑ በንኖ ይጠፋል።