ሲኖዬን ሸጬ የኤሌክትሪክ ልግዛ? እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከአዳማ ናቸው፣ ያው ከተማዋ የከባድ መኪና ከተማ ስለሆነች አይገርምም። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። ሲኖ ከነተሳቢው አለኝ፣ የምሰራው ጅቡቲ ነው። የናፍጣው ወረፋም ዋጋውም አማርሮናል። አሁን ሰዉ ሁሉ የኤሌክትሪክ ከባድ መኪና እየመጣ ነው ይላል፣ የአጎቴ ልጅ ደግሞ ሳይረክስብህ ሽጠውና ቶሎ ግባበት ነው የሚለኝ። ምን ትሉኛላችሁ? (ባለ ተሳቢው፣ ከፍራንኮ)

መልስ፦ ወንድሜ ለጅቡቲ ከሆነ አሁን አትሽጥ። መኪናዎቹ አሪፍ ናቸው፣ እሱ ላይ ክርክር የለም፣ የሚያስቸግረው ያንተ መንገድ ነው። መርሴዲስ ኢአክትሮስ 600 የሚባለው እ.ኤ.አ በ2024 መጨረሻ ላይ በብዛት መመረት የጀመረው መኪና ከ600 ኪሎዋት ሰዓት (ቆጣሪህ መብራት የሚቆጥርበት መለኪያ ነው) በላይ የሚይዝ ባትሪ አለው፣ አንዴ ቻርጅ ተደርጎ 500 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ይላሉ፣ ቴስላ ሴሚ ደግሞ 800 ነው የሚለው። ከአዳማ ጅቡቲ በገላፊ ከ800 ትንሽ ስለሚያልፍ "መንገድ ላይ አንዴ ሰክቼ እገባለሁ" ሊያሰኝህ ይችላል። ግን የመርሴዲሱ ቁጥር የወጣው በአውሮፓ አስፋልት መኪናውም ጭነቱም ተደምሮ 40 ቶን ሲሆን ነው፣ አንተ 400 ኩንታል ጭነህ ከነተሳቢህ ወደ 55 ቶን ትጠጋለህ፣ ጅቡቲ ደግሞ ባህሩ ጠርዝ ላይ ናት አዳማ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ።

ሂሳቡን ሰርቼዋለሁ። 55 ቶንን 1,600 ሜትር ከፍ ለማድረግ ብቻ፣ የጎማውንም የንፋሱንም ሳንቆጥር፣ 240 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። የዛን ትልቅ ባትሪ 40 ፐርሰንት ዳገቱ ብቻውን በላው ማለት ነው፣ በናፍጣ ሲሆን 60 ሊትር አካባቢ ነው። "ቁልቁለት ላይ ራሱን ቻርጅ ያደርጋል ይባላል እኮ" ትለኝ ይሆናል፣ እውነት ነው ያደርጋል፣ ሞተሩ ዲናሞ ሆኖ መኪናውን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። ግን አንተ ቁልቁል የምትወርደው አብዛኛውን ጊዜ ባዶህን ነው! ባዶ መኪና 16 ቶን ቢሆን ከዛው ከፍታ ሲወርድ ጠቅላላ ጉልበቱ 70 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ ከሱም ላይ በየመሀሉ ይባክናል። ስዊዘርላንድ ውስጥ ኢዳምፐር የሚሉት ትልቅ የኤሌክትሪክ ገልባጭ አለ፣ ተራራ ላይ ካለ የሲሚንቶ ድንጋይ ማውጫ ጭኖ ይወርድና ባዶውን ይወጣል፣ ስለዚህ ሲወርድ የሚሞላው ሲወጣ የሚበላውን አብዛኛውን ይመልስለታል። የኛ ንግድ የሱ ተገላቢጦሽ ነው፣ ማዳበሪያውም ስንዴውም ብረቱም ሁሉ ሽቅብ ነው የሚመጣው።

በዛ ላይ የአፋር ሙቀት አለ። ሎጊያና ሰመራ ላይ 40 ዲግሪ ሲያልፍ ባትሪው ራሱን ለማቀዝቀዝ ከራሱ ይበላል፣ ፈጣን ቻርጅ ላይ ሲሰካ ደግሞ እንዳይግል ብሎ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ቻርጀሩስ የት አለ? ለከባድ መኪና የሚሆነው ሜጋዋት ቻርጀር የሚባለው ነው፣ በግማሽ ሰዓት ገደማ ባትሪውን ከ20 ወደ 80 ፐርሰንት ያደርሰዋል፣ ግን አንዱ መኪና ብቻውን 1 ሜጋዋት፣ ማለትም 1,000 ኪሎዋት ይስባል። እዚሁ አዳማ ጋራው ላይ የምታያቸው የመጀመሪያው ዙር የንፋስ ተርባይኖች 34 ናቸው፣ ንፋሱ በደንብ ሲነፍስ ሁሉም ተደምረው 51 ሜጋዋት ነው የሚሰጡት፣ ስለዚህ 51 ተሳቢ አንድ ላይ ቢሰካ ጋራው ሙሉ ለነሱ ሰራ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ሌላኛውን ጎኑን ስማኝ። ከሞጆ ደረቅ ወደብ አዲስ አበባ የምትመላለስ ብትሆን ኖሮ መልሴ ሌላ ነበር። ደርሶ መልሱ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ማታ እዛው ግቢህ ትገባለህ፣ ስትተኛ ይሞላል፣ ሜጋዋት ምናምን ሳትል በቀስታው ቻርጀር ትሰራለህ። አንድ ሊትር ናፍጣ ውስጥ ወደ 10 ኪሎዋት ሰዓት የሚሆን ጉልበት አለ፣ ሞተርህ ግን ጎማው ላይ የሚያደርስልህ 4ቱን ነው፣ ቀሪው በማርሚታና በራዲያተር ሙቀት ሆኖ ይወጣል፣ የኤሌክትሪኩ ግን ከ10ሩ 8ቱን ያህል ጎማ ላይ ያደርሳል። ትርፉ ያለው እዛ ነው። ለአጎትህ ልጅ ንገረው፣ ሻጩ ጋር ስትሄዱ "ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል" ብላችሁ አትጠይቁ፣ "400 ኩንታል ጭኜ ከአዋሽ 7 ኪሎ አዳማ ስወጣ ስንት ፐርሰንት ይበላል" በሉትና ፊቱን እዩ።

(በነገራችን ላይ ለረጅሙ መንገድ በኤሌክትሪክ የሚሄደው ከባድ ጭነት ድሮ ገብቷል፣ በአዳማ በኩል የሚያልፈው የጅቡቲ ባቡር ነው፣ ከ2010 ጀምሮ በመደበኛነት እየሰራ ነው። የመኪናው ድርሻ እየቆየ ወደ አጭሩ መንገድ የሚገፋ ይመስለኛል፣ ይሄ እንግዲህ የኔ ግምት ነው።)

ጥያቄ፦ ከአውሮፓ የመጣ ያገለገለ ቮልቮ አለኝ። የአድብሉ መብራት በርቶ አልጠፋ አለ፣ መኪናው ጉልበቱ ቀንሷል። መካኒኩ "ይሄ ነገር ትርፍ ነው ልዝጋልሽ" ይለኛል፣ ሹፌሬ ደግሞ የእርሻ ዩሪያ በውሃ በጥብጠን ብንጨምርበት ያው ነው አለኝ። (ወ/ሮ ሀ.፣ ከቦኩ)

መልስ፦ እህቴ የሹፌሩን ምክር እርሺው! አድብሉ 32.5 ፐርሰንት ንጹህ ዩሪያ ሆኖ ቀሪው ማዕድን የሌለው ውሃ ነው፣ የሚረጨው ማርሚታው ውስጥ ነው፣ እዛ ያለውን መርዛማ ጭስ ወደ ናይትሮጅንና ውሃ ይቀይረዋል። የእርሻው ዩሪያ ፍሬው እንዳይጋገር የተቀባ ነገር አለው፣ ሌላም ቆሻሻ አለው፣ የቧንቧ ውሃው ደግሞ ካልሲየሙ አለ፣ ሁለቱ ተደምረው ውስጡ ያለውን ካታሊስት (ጭሱን የሚያጣራውን ክፍል) ይደፍኑታል፣ የሱን ዋጋ ደግሞ ባትጠይቂ ይሻላል። መጀመሪያ መርጫውን አስፈትተሽ እይው፣ ጫፉ ላይ ነጭ ጨው የመሰለ ነገር ተጋግሮ ካገኘሽ ብዙ ጊዜ መብራቱ የሚበራው በሱ ነው፣ በሙቅ ውሃ ይለቃል። ሲስተሙን ማዘጋቱን አልመክርሽም፣ ጭሱን የሚስበው ከኋላ ያለው ባለባጃጅና ዳር ላይ ቆሎ የምትሸጠው ሴትዮ ናት።

ያገለገለ ዩሮ 6 (የአውሮፓ የጭስ ደረጃ ነው) መኪና ለመግዛት የምታስቡ ሁሉ ይሄን እወቁ፣ ያ ሞተር የተሰራው በኪሎ ከ10 ሚሊ ግራም ያልበለጠ ሰልፈር ላለው ናፍጣ ነው፣ ሰልፈሩ ሲበዛ ካታሊስቱም ጥላሸት የሚይዘው ማጣሪያም ቶሎ ይበላሻሉ። ከመግዛታችሁ በፊት የምትቀዱበትን ናፍጣ አጣሩ።

ጥያቄ፦ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሜካኒካል ነኝ። ሁሉም ስለ ባትሪ ነው የሚያወራው፣ ሀይድሮጅን የት ገባ? የመመረቂያ ስራዬን በሱ ልሰራ ነበር።

መልስ፦ መመረቂያህን በሀይድሮጅን ስራ፣ ግን ለከባድ መኪና ብዙ ተስፋ አታድርግበት። 100 ኪሎዋት ሰዓት መብራት ወስደህ ውሃ ሰንጥቀህ ሀይድሮጅን አውጥተህ፣ 350 ወይም 700 ባር ግፊት ላይ ጨምቀህ፣ መኪናው ላይ እንደገና መብራት አድርገህ ጎማ ላይ የምታደርሰው 30 አካባቢ ነው፣ በባትሪ ቢሆን 75 ያህሉን ታደርሳለህ። ሀዩንዳይ ኤክሲየንት የሚባለው እ.ኤ.አ ከ2020 ጀምሮ ስዊዘርላንድ እየሰራ ነው፣ ማለትም ይሰራል። አሜሪካ ግን ብዙ የተባለለት ኒኮላ እ.ኤ.አ የካቲት 2025 ኪሳራ አወጀ። እኔን ከጠየቅከኝ ሀይድሮጅን እዚህ አገር መጀመሪያ የሚያስፈልገው ለማዳበሪያ ነው፣ ዩሪያ የሚሰራው ከአሞኒያ ነው አሞኒያ ደግሞ ከሀይድሮጅን፣ ርዕስህን ወደዛ ብታዞረው ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ ካሉብ ጋዙ ተመርቋል፣ በጋዝ የሚሄድ ሲኖ ማስመጣት ያዋጣል? (ከገንደ ሀራ)

መልስ፦ ቻይና ውስጥ በፈሳሽ ጋዝ የሚሄድ ከባድ መኪና ሞልቷል፣ ጥላሸቱም በጣም ያነሰ ነው፣ ሳይቃጠል የሚያመልጠው ሚቴን (ጋዙ ራሱ) ግን አየሩን ስለሚያሞቅ "ንጹህ" ሲሏችሁ ሙሉ በሙሉ አትመኑ። የኛን ሹፌር የሚነካው ግን ሌላ ነው፣ ጋዙ ፈሳሽ ሆኖ የሚቆየው ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ላይ ስለሆነ ሰልባትዮው እንደ ፔርሙዝ ነው፣ ቅዝቃዜውን የሚይዘው ለተወሰነ ቀን ብቻ ነው። መኪናው ወደብ ወረፋ ላይ ቀናት ከቆመ ጋዙ ቀስ እያለ ይተናል፣ ግፊቱ ሲበዛም መልቀቂያው ይከፈታል፣ ብርህ ነው እንግዲህ አየር ላይ የወጣው። የሚቀዳበት ማደያ መንገዱ ላይ ሳታይ አታስመጣ።

ጥያቄ፦ ጋራዥ ነው የምሰራው፣ 22 አመቴ ነው። የኤሌክትሪኩ ፖምፓ የለው ፍሪሲዮን የለው ዘይት አይቀየርለት፣ እኛስ ምን ልንበላ ነው?

መልስ፦ አይዞህ፣ ጎማው፣ ባሌስትራው፣ ኩሽኔታው፣ ተሳቢው፣ የአየር ፍሬኑ ሁሉ እንዳለ ነው፣ ጎማ እንደውም ክብደቱ ስለሚጨምር ቶሎ ያልቃል። ፍሬኑ ደግሞ ሞተሩ ስለሚይዝለት ብዙ ስለማይነካ ዝጎ ይጣበቃል፣ እሱ አዲስ ስራ ነው። የምትማረው ነገር ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው፣ ብርቱካናማው ገመድ ውስጥ ከ600 እስከ 800 ቮልት ሊኖር ይችላል፣ ቁልፉ ተነቅሎም ውስጡ ለደቂቃዎች ይቆያል። ስለዚህ መጀመሪያ ማቋረጫው ይነቀላል፣ ይጠበቃል፣ ከዛ በ1,000 ቮልት መለኪያ ዜሮ መሆኑ ይታያል። ጓንቱም 1,000 ቮልት የሚችል ይሁን፣ ከማጥለቅህ በፊት አፉን ጠቅልለህ አየር ያዝበትና ጨመቅ አድርገው፣ የሆነ ቦታ ፍስስ ካለ ጣለው።