ያ ጎዳና የት ገባ?

ጥያቄ፦ የድሮ ፊልም ሳይ ከታሪኩ ይልቅ ከተዋናዮቹ ጀርባ ያለው ከተማ ይስበኛል። ግን ህንጻው ፈርሷል፣ መንገዱም ሰፍቷል። ቦታውን በምን ልለየው?

መልስ፦ እኔም ሱሱ አለብኝ። ሪሞቱን ከእጄ ስለማልለቅ ቤተሰቦቼ አብረውኝ ፊልም ማየት ትተዋል።

መጀመሪያ ህንጻውን ይርሱት። የመንገዱን መታጠፊያ፣ የቁልቁለቱን አቅጣጫ፣ ከጣሪያዎቹ በላይ የሚታየውን ተራራ ይያዙ። እነዚህ ከግድግዳ ይልቅ ዕድሜ አላቸው። ሁልጊዜ ግን አይደለም። በሎስ አንጀለስ ቡንከር ሂል የሚባለው ሰፈር በብዙ የድሮ ፊልሞች ላይ ይታያል። ቤቶቹ ሲፈርሱ ኮረብታው ራሱ ተቆርጦ ዝቅ ብሏል። በገመድ የሚጎተተው ትንሽ ባቡር፣ ኤንጅልስ ፍላይት፣ እ.ኤ.አ. በ1901 ተከፍቶ በ1969 ተነቀለ። በ1996 ሲመለስ የተተከለው ከድሮ ቦታው ፈቀቅ ብሎ ነው። ባቡሩን ብቻ አምኖ የቆመ ሰው የተሳሳተ ጥግ ላይ ይቆማል ማለት ነው።

የሱቅ ጽሑፎችንም አቁመው ያንብቡ። ፊደሉ ተገልብጦ ከታየ ምስሉም ግራና ቀኙ ተለዋውጧል።

የአርታኢዎቹን ተንኮል ደግሞ አይርሱ! ተዋናዩ አንድ ጥግ ታጥፎ በከተማው ሌላኛው ጫፍ ላይ ብቅ ሊል ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱን ትዕይንት ለብቻው ይፈልጉ። የጠረጠሩትን ቦታ ፊልሙ በተቀረጸበት ዘመን ከተነሳ የአየር ፎቶ ጋር ያስተያዩት። የዛሬው ካርታ የጠፋ መንገድ አያሳይም።