እህቴ ቄስ ናት፤ ለእናቴ ምን ልበላት?

ጠያቂው በጅማ፣ ሂርማታ መርካቶ ነጋዴ ናቸው። ታናሽ እህታቸው ለነገረ መለኮት ትምህርት ስዊድን ሄዳ በዚያው ቀርታ የስዊድን ቤተ ክርስቲያን ቄስ ሆናለች። ለፋሲካ ደውላ፣ በምታገለግልበት ደብር ከአንዲት ሴት ጋር እንደተጋባች ነገረቻቸው። «ይህን ሁሉ ዓመት ዋሸችን። ሕክምና አለው? ከሌለው ቅስናውን እንድትተው በሽማግሌ ላስመክራት?» ይላሉ።

ወንድሜ፣ ደብዳቤዎ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ምእመናን፣ ስለ ሱቅ ደንበኞችዎ ብዙ ይላል። እህትዎ ይህን ስትናገር እንዴት እንደነበረች ግን አንድ መስመር የለውም። በቅንፍ ውስጥ ያለፏት ነገርም አለች፦ ሳሎን የተሰቀለውን የሹመቷን ፎቶ አውርደው፣ እናትዎ ሲጠይቁ «መስታወቱ ተሰብሮ ሊሠራ ሰጥቼዋለሁ» ብለዋል።

እኔን የያዘችኝ ይህች ቅንፍ ናት። እህትዎን ደበቀችን ብለው ይከሷታል፤ እርስዎም ከፋሲካ ወዲህ እየደበቁ ነው። እናትዎ ስለ ፎቶው ባነሱ ቁጥር ሌላ ምክንያት ይፈልጋሉ፤ ቡና ላይ ስሟ ሲነሳ ወሬ ያስቀይራሉ፤ እንቅልፍዎም የራቀዎት ከዚያ ወዲህ ነው። ይህን የሚያደርጉት ክፉ ሆነው አይደለም፤ እናትዎ እንዳይሰበሩ ሠግተው ነው። እህትዎንም ዝም ያሰኛት ይኸው ሥጋት ይመስለኛል። እዚያ በምእመናኗ ፊት ተጋብታለች፤ ምሥጢር የሆነው ለእናንተ ቤት ብቻ ነበር። እርስዎን በወራት ያደከመዎትን እርሷ ለዓመታት ብቻዋን ተሸክማዋለች። ሲከብዳት ደግሞ ከቤተሰቡ ሁሉ መርጣ የደወለችው ለእርስዎ ነው። ሊያታልል የፈለገ ሰው ምን ብሎ ይደውላል? ቁጣዎ ይገባኛል፤ ነገር ግን ከሥሩ «እህቴ ቄስ ናት» ሲሉ ይሰማዎት የነበረው ኩራት ሐዘን ያለ ይመስለኛል። ይዘኑለት፤ ዕዳውን ግን እርሷን አያስከፍሏት።

ሕክምናን በተመለከተ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990 የተመሳሳይ ጾታ ፍቅርን ከበሽታዎች ዝርዝር ስላወጣው የሚታከም ነገር የለም። ቅስናዋም ቢሆን ተደብቆ የተያዘ ሹመት አይደለም። የስዊድን ቤተ ክርስቲያን ሴቶችን መሾም የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን ፈቅዳ፣ በዚያው ዓመት ከሴት ጋር በግልጽ የምትኖረውን ኤቫ ብሩነን የስቶክሆልም ጳጳስ አድርጋለች። የእርስዎ መካነ ኢየሱስ በዚሁ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2013 ከስዊድን ቤተ ክርስቲያን ጋር የነበራትን ግንኙነት አቋርጣለች። ይህን የሁለት አብያተ ክርስቲያናት ልዩነት እርስዎ በአንድ ስልክ ሊፈቱት አይችሉም፤ እህትዎም እንዲፈቱት አልጠየቀችዎትም።

ስለዚህ ሽማግሌውን ይተዉት። ወሬው አንዴ ከወጣ አይመለስም፤ አገራችን ውስጥ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን የሚቀጣው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 እንዳለም አይርሱ፤ እናቷን ልታይ ስትመጣ ሊጎዳት ይችላል። ለእናትዎ ይነገር አይነገር፣ መቼስ የሚለውን የምትወስነው እርሷ ናት። ከቻሉ ይደውሉና መጀመሪያ እንዴት እንደሆነች ይጠይቋት፤ እምነትዎን እንዲቀይሩ አያስገድድዎትም። እንቅልፍዎ ካልተመለሰ ግን ደብዳቤ አይበቃም፤ እዚያው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የሥነ አእምሮ ክፍል አለ፤ ስሟን ሳያነሱ ስለ ራስዎ ብቻ ሊነጋገሩ ይችላሉ።