ፋይበር ያለው ፕላስቲክ ማቀዝቀዝ ላይ ጥያቄ ያላችሁ አምጡ

ሰላም ቤተሰብ፣ ኢንጀክሽን (የቀለጠ ፕላስቲክ ሞልድ ማለትም ቅርጽ ማውጫ ውስጥ በግፊት መሙላት) ላይ ነው የምሰራው፣ በብዛት ግላስ ፋይበር (የመስታወት ክር) የገባበት ፒፒ (ፖሊፕሮፒሊን) ና ናይለን። ጠይቁ።

ጥ፦ ሞልዱን በቺለር (ውሃ ማቀዝቀዣ ማሽን) ቶሎ ባቀዘቅዘው እቃው ይጠነክራል ወይስ ይሰባበራል?

መ፦ ቶሎ ሲቀዘቅዝ ሞለኪውሎቹ ተሰልፈው ክሪስታል ለመስራት ጊዜ ስለማያገኙ ምት ይችላል ግን ግትርነቱ ይቀንሳል፣ ቀስ ካለ ደግሞ ይገትራል ኬሚካልም ይቋቋማል ግን ስትጥለው ቶሎ ይሰነጠቃል። ሌላው ደግሞ፣ ተቸኩሎ የወጣ እቃ መጋዘን ውስጥም ክሪስታል መስራቱን ስለማያቆም ዛሬ ልክ የገጠመው ክዳን ከሳምንት በኋላ እምቢ ሊል ይችላል።

ጥ፦ 30% ግላስ ያለው ሽፋን ከሞልድ ሲወጣ ይጎብጥብኛል፣ ፕሬሸር ጨምሬም አልተስተካከለም ወንድሜ።

መ፦ ፕሬሸሩን ተወውና የሞልዱን ሁለቱንም ፊት በቴርሞሜትር ለካ። ዘግይቶ የሚቀዘቅዘው ፊት የበለጠ ስለሚኮማተር ጠርዞቹ ወደ ሞቃቱ ጎን ይታጠፋሉ። እኩል ከሆኑ ጣጣው ፋይበሩ ነው፣ ፕላስቲኩ በፈሰሰበት አቅጣጫ ተኝቶ እዚያ ጋ መኮማተሩን ይይዘዋል፣ በጎን ግን ማንም አይይዘውም፣ ያኔ ጌቱን (ፕላስቲኩ ወደ ሞልዱ የሚገባበትን ቀዳዳ) ማንቀሳቀስ ነው።

ጥ፦ የፒክ (PEEK፣ ከፍተኛ ሙቀት የሚችል ፕላስቲክ) እቃ ጠርዙ ጠቆር ያለ ቡናማ ሆኖ ወጣ፣ ተቃጥሎ ነው?

መ፦ መሃሉ ነጣ ያለ ጠርዙ ብቻ ቡናማ ከሆነ ብዙ ጊዜ ቃጠሎ አይደለም እህቴ፣ ሞልዱ ቀዝቅዞ ነው! ፒክ የሚቀልጠው 343 ዲግሪ ላይ ነው፣ ከ143 በታች ደግሞ ሞለኪውሎቹ ባሉበት ይደርቃሉ፣ ስለዚህ ሞልዱ 100 ላይ ከሆነ ቆዳው ክሪስታል ሳይሰራ ይቀራል። ሞልዱን ከ170 እስከ 200 አድርጊው። የወጣውን 200 አካባቢ ኦቨን ውስጥ ብታቆዪው ቀለሙ ይመለሳል፣ ልኩ ግን ሊዛባ ይችላል።

ጥ፦ ኢፖክሲስ? የድሪምላይነር (የቦይንግ 787 አውሮፕላን) ክንፍ ምናምን

መ፦ ኢፖክሲ በሙቀት በስሎ የሚደርቅ ሙጫ ነው፣ ክሪስታል የለውም። ግን 180 አካባቢ በስሎ ሲቀዘቅዝ ካርቦን ፋይበሩ በርዝመቱ አይኮማተርም ማለት ይቻላል፣ ኢፖክሲው ግን ይኮማተራል፣ ስለዚህ የፋይበሩ ድርብርብ ከመሃል ወዲህና ወዲያ ካልተመሳሰለ ይጣመማል።

ጥ፦ ውፍረቱን ከ2 ወደ 4 ሚሊ ባደርገው የማቀዝቀዣ ሰዓቱ እጥፍ ነው አይደል?

መ፦ አራት እጥፍ ባክህ። ከቻልክ ሪብ (ቀጭን ማጠናከሪያ ግድግዳ) ጨምርበትና 2 ላይ ተወው።

ጥ፦ ቺለር ልግዛ ወይስ በታወር (በአየር ውሃ የሚያቀዘቅዝ ማማ) ውሃ ልቀጥል?

መ፦ መጀመሪያ የሞልዱን የውሃ መስመር ፍታና እየው፣ ኖራ ከጋገረ አዲስ ቺለርም አያድንህም፣ በአሲድ አሳጥበውና ከዚያ በኋላ የሚገባውንና የሚወጣውን ውሃ ሙቀት ልከህ አምጣልኝ።