መጀመሪያ መዝገቡን ከካቦው እጅ ይቀበሉ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? ጅማ ውስጥ የቡና መጋዘን አለኝ። በወቅቱ 40 የሚሆኑ ሴቶች ቡና ይለቅማሉ። ሰኞ ዕለት አንዷ እያለቀሰች መጣች። ካቦው በሰው ፊት እንደሚሰድባት፣ መልስ ከሰጠችው ደግሞ በማግሥቱ ስሟን እንደማይጠራ ነገረችኝ። ሌሎቹን ብጠይቅ «እኛ ምንም አላየንም» አሉ። ካቦው 7 ዓመት አብሮኝ የሠራ ታማኝ ሰው ነው። ሽማግሌ ጠርቼ ላስታርቃቸው?
ባለ መጋዘኑ፣ ከጅማ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሴቶቹን የጠየቋቸው የት ነው? ለቀማው ላይ እንደተቀመጡ፣ ካቦው እዚያው እየተንጎራደደ ከሆነ ሌላ ምን ይበሉ? ጠዋት በር ላይ ስም የሚጠራው እሱ ነው። ስሟ ያልተጠራ ሴት የዚያን ቀን ለልጆቿ ምን ይዛ ትገባለች?

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የስም መዝገቡን ከእጁ ይቀበሉት። ለጊዜው ስም እርስዎ ራስዎ ይጥሩ። እሱን ሚዛን ወይም ጭነት ላይ ይመድቡት፣ ደመወዙ ግን አይነካ። ጥፋቱ ገና አልተረጋገጠምና ይህንንም በግልጽ ይንገሩት።

ከዚያ ሴቶቹን ለየብቻ፣ ከመጋዘኑ ራቅ ብለው ያነጋግሩ። እሷን ብቻ ሳይሆን 10 የሚሆኑትን ይጥሩ፣ ማን ምን እንዳለ እንዳይለይ። ሰዓቱ እንደ ሥራ ይታሰብላቸው። «ይሳደባል ወይ?» ብለው አይጀምሩ። «ስምሽ ያልተጠራው መቼ ነው? ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ምን ተፈጠረ?» ይበሉ። ብዙዎቹ ልባቸውን የሚያወጡት በኦሮምኛ ነው። ስድቡም በተነገረበት ቋንቋ ይጻፍ፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ ይለሰልሳል። ከዚያ መዝገቡን ያገላብጡ። ስሟ የቀረባቸው ቀናት እሷ ከምትለው ጋር ይገጥማሉ? ሰው ቢፈራ መዝገብ አይፈራም።

ካቦውም በተራው ይሰማ። የተባለበትን በዝርዝር ይንገሩትና የሚመልስበት ጊዜ ይስጡት፣ ምስክር ካለውም ይቁጠር። ታማኝነቱን አልጠራጠርም። ግን እርስዎ የሚያውቁት ገንዘብና ቡና ላይ ያለውን እጁን ነው። ሴቶቹ ላይ ያለውን አፉን አያውቁትም።

ሕጉንም ልብ ይበሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛን ሰብአዊ ክብር መጠበቅ የአሠሪው ግዴታ ነው ይላል። ወሲባዊ ትንኮሳንም በሥራ ቦታ ይከለክላል። እንዲህ ያለ ነገር ወይም ድብደባ ከተሰማ፣ ሴትየዋ ፖሊስ ጋ መሄድ እንደምትችል ይንገሯት እንጂ አያግዷት። ጥፋቱ ተረጋግጦ ካለ ማስጠንቀቂያ ወደ ማሰናበት ከደረሱ ደግሞ፣ የአሠሪው ይህ መብት ምክንያቱን ካወቀበት ቀን አንስቶ 30 የሥራ ቀናት ሲያልፉ ይቋረጣል። ከሰኞ ጀምረው ይቁጠሩ። ምክንያቱና ቀኑም በጽሑፍ ይሰጠው።

ወደ ሽምግልናው ልምጣ። እኔም ሠራተኛ አስተዳደር ሳለሁ አንድ ጊዜ ሽማግሌ አስቀምጬ አውቃለሁ። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ በንብረት ክፍሉ ኃላፊ ላይ አመልክታ ነበር። ሁለቱንም አንድ ክፍል አስገባኋቸው። ሽማግሌዎቹ መረቁ፣ እሷን «አንቺ ታናሽ ነሽ፣ ጉልበቱን ሳሚ» አሏት። ሳመች። እኔ ነገሩ አለቀ ብዬ ደስ አለኝ። በ2 ሳምንቷ ሥራውን ትታ ሄደች። እሷ ከሄደች በኋላ ሦስት ሴቶች ቢሮዬ መጥተው ሰውየው እነሱንም እንዲሁ ያደርጋቸው እንደነበር ነገሩኝ። ፍለጋ ብልክም አላገኘኋትም። ዛሬም ያቺ ጉልበት የሳመችበት ሰዓት ትዝ ትለኛለች።

እርቅ ጥሩ ነው። ግን እውነቱ ከታወቀ በኋላ፣ እሷም ከፈለገች ብቻ ይሁን። እስከዚያው ነገ ጠዋት በር ላይ ስም ሲጠሩ የእሷ እንዳይቀር።