ካረጡ በኋላ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቹ የወር አበባቸው ከቆመ በኋላ የታይሮይድ ሆርሞን (አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ የሚያመነጨው) ማነስ የተገኘባቸው ሴቶችና ልጆቻቸው ያነሷቸው ናቸው። የመድኃኒቱን መጠን የሚወስነው ሐኪም ነው። እዚህ በብዛት የምናየው የጎደለውን ሆርሞን የሚተካው ክኒን፣ ሌቮታይሮክሲን፣ እንዴት እንደሚዋጥ ነው፤ አብዛኛው ችግር የሚነሳው ከዚያ ነውና።

ጥያቄ፦ 53 ዓመቴ ነው። ድካም፣ የፀጉር መርገፍ፣ ውፍረትና መርሳት አለብኝ። ሰው ሁሉ «የዕድሜ ነው» ይለኛል። ታይሮይድ መሆኑን በምን ልለየው?

መልስ፦ በስሜት ብቻ አይለይም፤ የጠቀሷቸው አራቱም በማረጥም በታይሮይድ ማነስም ይመጣሉ። ድንገት ከደረት ወደ ፊት የሚወጣ ሙቀትና የሌሊት ላብ ወደ ማረጥ ያደላል። ሰው ሳይበርደው እርስዎን የሚበርድዎ ከሆነ፣ የሆድ ድርቀት ከጠናብዎ፣ ድምፅዎ ከጎረነነ፣ ጠዋት የዓይንዎ ዙሪያ ካበጠ ደግሞ ወደ ታይሮይድ ያደላል። ሁለቱ አብረው መኖራቸውም የተለመደ ነው። ቲኤስኤች (አንጎል ታይሮይድን የሚያዝበት ሆርሞን) የሚባለውን የደም ምርመራ ያሠሩ፤ ታይሮይድ ሲያንስ እሱ ከፍ ይላል። ከፍ ካለ የታይሮይድ ሆርሞኑን ራሱን የሚለካው ፍሪ ቲ4 ይጨመርበታል። ኮሌስትሮልዎ ጨምሮ ከተገኘም ቲኤስኤች ይታይ፤ የታይሮይድ ማነስ መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል።

አንድ ነገር ግን በታይሮይድም በዕድሜም አያመካኙ፦ የወር አበባ ከቆመ ዓመት ካለፈው በኋላ የሚታይ ደም። ጠብታ እንኳ ቢሆን ሳይውል ሳያድር የማህፀን ሐኪም ይየው።

ጥያቄ፦ እናቴ 72 ዓመቷ ነው። ቲኤስኤች 6.8 ወጣ፣ ፍሪ ቲ4 ግን ጤናማ ነው ተባለ። መድኃኒት ትጀምር?

መልስ፦ አትቸኩዪ። ቲኤስኤች በዕድሜ በራሱ ከፍ ይላል፤ ለወጣት ወደ 4 የሚጠጋው ጣሪያ ለ72 ዓመት ሰው ጠባብ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ 737 ሰዎችን የያዘ የአውሮፓ ጥናት እንዲህ ያለ ቀላል ከፍታ ላላቸው መድኃኒቱ ድካማቸውን እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ከ2 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ምርመራው ይደገም፤ ብዙ ጊዜ በራሱ ይወርዳል። ከ10 በላይ ከሆነ ወይም ፍሪ ቲ4 ከወረደ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ያኔ ሕክምናው ያስፈልጋታል።

ጥያቄ፦ ሌቮታይሮክሲን 50 ማይክሮግራም ታዞልኛል። ጠዋት ከቡና ጋር እውጠዋለሁ። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ቡና መድኃኒቱ ከአንጀት ወደ ደም እንዳይገባ ይቀንሰዋል፤ ወተት ያለበት ማክያቶ ሲሆን ደግሞ ካልሲየሙ ይጨመርበታል። ከእንቅልፍ እንደተነሱ በባዶ ሆድ፣ በአንድ ብርጭቆ ንጹሕ ውኃ ብቻ ይዋጡት። ከዚያ ለቡናም ለቁርስም ቢያንስ 30 ደቂቃ፣ ቢቻል 60 ደቂቃ ይጠብቁ። 12 ሰዓት ላይ ውጠው 1 ሰዓት ላይ ቡናዎን ቢጠጡ ይበቃል፤ ቡና መተው አይጠበቅብዎትም።

በጾም ማክያቶ የሚሆነውን የአኩሪ አተር ወተትም ልብ ይበሉ፤ እሱም መድኃኒቱን ይይዛል። በየቀኑ የሚጠጡ ከሆነ ሰዓቱን አራቁትና ልማድዎን አይለዋውጡ፤ አንድ ሳምንት ጠጥቶ አንድ ሳምንት መተው ውጤቱን ከፍና ዝቅ ያደርገዋል።

ጥያቄ፦ በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት ውኃም አልቀምስም። ክኒኑን መቼ ልውሰድ?

መልስ፦ ማታ ሊተኙ ሲሉ። ከመጨረሻው ምግብ 3 ሰዓት ማለፍ አለበት፦ እራት 1 ሰዓት ላይ ከበሉ ክኒኑ 4 ሰዓት ላይ። የማታው አወሳሰድ ከጠዋቱ አያንስም። በረመዳንም እንዲሁ ከመጨረሻው ምግብ 3 ሰዓት ቆይቶ ሲተኙ፣ አለዚያም ከሱሑር በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ መዋጥ ይቻላል። ከጠዋት ወደ ማታ ሲቀይሩ የዚያን ቀን ጠዋት ይዝለሉና ማታ ይጀምሩ። ጾሙ አርባና ሃምሳ ቀን ሙሉ መድኃኒት ማቋረጫ እንዳይሆን ግን አደራ፤ ሰውነት ያከማቸው በሳምንታት ውስጥ ያልቃል።

ጥያቄ፦ 100 ማይክሮግራም እየወሰድኩ ቲኤስኤች እንደገና 9 ሆነ። ሐኪሙ 125 ላድርገው እያለኝ ነው። ለአጥንቴ ካልሲየም፣ ለጨጓራዬ ኦሜፕራዞል እወስዳለሁ።

መልስ፦ መልሱ ያለው በመጨረሻው ዐረፍተ ነገርዎ ላይ ሳይሆን አይቀርም። ከማረጥ በኋላ የሚታዘዘው ካልሲየም ከሌቮታይሮክሲን ጋር ሆድ ውስጥ ይጣበቃል፤ የተጣበቀው ወደ ደም አይገባም። የአይረን ክኒንም እንዲሁ ነው። በመካከላቸው 4 ሰዓት ሙሉ ይሁን። የሚመቸው አሠራር ሌቮታይሮክሲን ጠዋት 12 ሰዓት፣ ካልሲየም ከምሳ ጋር 7 ሰዓት፣ አይረን ካለ ማታ ነው። ባለብዙ ቫይታሚን እንክብልም አይረንና ካልሲየም ስለሚይዝ ከምሳው ጋር ይሁን።

ኦሜፕራዞል የጨጓራ አሲድን ይቀንሳል፤ ክኒኑ በደንብ የሚሟሟው ግን በአሲድ ነው። ሰዓት ማራራቁ ይህንን አያስተካክለውም። ጨጓራዎ አሁንም መድኃኒቱን ይፈልገው እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ፤ የሚያስፈልግ ከሆነ የሌቮታይሮክሲን መጠን በእሱ ልክ ይስተካከላል።

ስለዚህ ለሐኪሙ ሁሉንም መድኃኒት ከነሰዓቱ ጽፈው ያሳዩት። ሰዓቱን አስተካክለው ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ቲኤስኤች ይደገም። መጠኑ መጀመሪያ 125 ተደርጎ ካልሲየሙ ኋላ ቢራቅ፣ የተያዘው መድኃኒት ሁሉ ወደ ደም ይገባና ከልክ ያልፋል።

ጥያቄ፦ ከልክ ቢያልፍ ምን ይሆናል? እኔ ሲጨመርልኝ ብርታት ይሰማኛል።

መልስ፦ ብርታቱ ለጊዜው ነው፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው። ካረጡ በኋላ የሴት ሆርሞን የሆነው ኤስትሮጅን ስለቀነሰ አጥንት አስቀድሞ እየሳሳ ነው። የታይሮይድ ሆርሞን ሲበዛ መሳሳቱ ይፈጥናል፤ በተለይ ቲኤስኤች ከ0.1 በታች ሲወርድ የአጥንት ስብራትና የልብ ምት መዛባት ይበዛል። ምቱ የተዛባ ልብ የረጋ ደም ወደ አንጎል ልኮ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። የልብ ድው ድው ማለት፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ሳይፈልጉ መክሳት ከታየብዎ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይመርመሩ። ላብና ሙቀቱንም «ማረጥ ነው» ብለው አይለፉት፤ መድኃኒቱ በዝቶም ሊሆን ይችላል።

ዕጢው ፈጽሞ ለሌለው ሰው ሙሉው መጠን በኪሎ 1.6 ማይክሮግራም ያህል ነው፤ ለ60 ኪሎ ሴት ወደ 100 ይጠጋል። ዕድሜያቸው ለገፋና ልብ ሕመም ላለባቸው ከ12.5 ወይም 25 ተጀምሮ በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ ቀስ እየተባለ ይጨመራል። እንቅርታቸው በቀዶ ሕክምና የወጣላቸው አንድ ነገር ይለዩ፦ ዕጢው የወጣው በካንሰር ከሆነ ሐኪሙ ቲኤስኤችን ሆን ብሎ ዝቅ ሊያደርገው ይችላል፤ ሳያማክሩት አይቀንሱ።

ጥያቄ፦ ልጄ ከአሜሪካ መድኃኒት ላከችልኝ። የእኔ ላይ 50 ይላል፣ የላከችው ላይ 0.05 ይላል። ያንሳል?

መልስ፦ እኩል ነው። 0.05 ሚሊግራም ማለት 50 ማይክሮግራም ነው፤ 0.1 ደግሞ 100። ግራ ሲገባዎ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን አጠገቡ የተጻፈውን መለኪያ ያንብቡ፤ እዚህ ላይ መሳሳት መጠኑን በእጥፍ ሊያሳድግ ይችላል። የአምራቹ ስም ከተቀየረ (ከኤልትሮክሲን ወደ ዩታይሮክስ፣ ወይም ወደ ሌላ) ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ቲኤስኤች ያሠሩ። ክኒኑ ሙቀት፣ ብርሃንና እርጥበት አይወድም፦ ከነማሸጊያው፣ ከ25 ዲግሪ በታች ይቀመጥ። ኩሽናና መታጠቢያ ቤት ቦታው አይደለም፤ በቆላ ከተሞችና በባሕረ ሰላጤው አገሮች መኪና ውስጥ የተረሳ መድኃኒት ኃይሉን ያጣል።

75 ታዞ ፋርማሲው 50ና 100 ብቻ ካለው፣ አንድ ቀን 50 አንድ ቀን 100 እያፈራረቁ መውሰድ ይቻላል። መድኃኒቱ ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት ሳምንት ያህል ስለሚፈጅበት አማካዩ ይሠራል። መጀመሪያ ግን ያዘዘልዎ ይስማማበት።

ጥያቄ፦ ጎመን ልተው? ሽፈራውስ ይረዳል?

መልስ፦ የበሰለ ጎመን ይብሉ፣ ምንም አይልም። ሽፈራውም ሆነ ጥቁር አዝሙድ የጎደለውን ሆርሞን አይተካም። አዮዲን ያለው ጨው ለቤተሰቡ ሁሉ ያስፈልጋል፤ ወጥ ሊወርድ ሲል ይጨመር፣ ክዳኑ ተከድኖ ከእሳት ርቆ ይቀመጥ። ከውጭ የሚመጣ የባሕር አረም እንክብል ግን አይውሰዱ፤ የበዛ አዮዲን ሃሺሞቶ የሚባለው ሕመም (ሰውነት የራሱን ታይሮይድ የሚያጠቃበት) ያለበትን ዕጢ ይበልጥ ያደክመዋል።

ጥያቄ፦ ቲኤስኤች ተስተካከለ፣ ውፍረቱ ግን አልቀነሰም።

መልስ፦ በታይሮይድ የሚመጣው ክብደት ከ2 እስከ 5 ኪሎ ያህል ነው፤ አብዛኛውም ውኃና ጨው ነው። ቀሪው ከማረጥ፣ ከእንቅልፍ፣ ከምግብና ከእንቅስቃሴ ጋር የተያያዘ ነው። ለመክሳት ብሎ መጠን መጨመር ከላይ ያልነውን የአጥንትና የልብ ጉዳት ይጋብዛል።

ጥያቄ፦ ለፀጉሬ ባዮቲን የሚባል ቫይታሚን እወስዳለሁ። ምርመራውን ይነካዋል?

መልስ፦ መድኃኒቱን አይነካም፣ የላቦራቶሪውን ውጤት ግን ያዛባል፦ ቲኤስኤችን በሐሰት ዝቅ፣ ቲ4ን ከፍ አድርጎ ያሳያል። ሐኪሙም በዝቷል ብሎ ሊቀንስብዎ ይችላል። ከምርመራው ከ2 እስከ 3 ቀን በፊት ያቁሙ። ደም የሚሰጡ ዕለትም የጠዋቱን ክኒን ከደሙ በኋላ ይዋጡት።

ጥያቄ፦ ለሙቀቱ የኤስትሮጅን ክኒን ልጀምር ነው።

መልስ፦ የሚዋጥ ኤስትሮጅን የታይሮይድ ሆርሞንን የሚይዘውን ፕሮቲን ያበዛል፤ መጠን መጨመር ሊያስፈልግ ይችላል። ከጀመሩ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ውስጥ ቲኤስኤች ይታይ። ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ይህን አያደርግም።

ጥያቄ፦ አንድ ቀን ብረሳስ?

መልስ፦ ያንኑ ቀን ካስታወሱ ሆድዎ ባዶ ሲሆን ይዋጡት። ቀኑ ካለፈ በተለመደው ሰዓት ይቀጥሉ። ወራት አቋርጠው ከሆነና በተለይ ልብ ሕመም ካለብዎ ከቀድሞው መጠን በራስዎ አይጀምሩ። ለረጅም ጊዜ ያቋረጡ አረጋዊት ሰውነታቸው ቀዝቅዞ፣ ንግግራቸው ተጎትቶ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካላቸውና ግራ ከተጋቡ ለነገ ሳይባል ድንገተኛ ክፍል ይወሰዱ።